«የለም» እና «አሁን አልታወቀም»፦ የኢሜይል ሰርቨር የተቀባዩን ስም ፈልጎ ሲያጣ

በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ከሚገኝ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ የትኬት ማረጋገጫ፣ ከአንድ የሒሳብ ባለሙያ የሚወጣ የግብር ሰነድ፣ አንድ ዕድር ለአባላቱ የሚበትነው የቀብር መርሐ ግብር፣ ሁሉም በአንድ በር ያልፋሉ፤ በሩ የኢሜይል ሰርቨር ነው። ላኪው «ላክ» የሚለውን ምልክት ሲጫን ጉዳዩ የተፈጸመ ይመስለዋል። ሰርቨሩ ግን ደብዳቤውን ከማውጣቱ በፊት «የተቀባዩ ሰርቨር የት ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። መልስ ካጣ ደብዳቤውን ወረፋ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ላኪው እንደ ተላከ ያስባል፤ ተቀባዩ እንደ ተረሳ ያስባል። መርሐ ግብሩ የሚደርሰው ከቀብሩ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ድርጅቶች ኢሜይላቸውን ለትልልቅ ኩባንያዎች በመስጠታቸው ከዚህ ችግር ነጻ የወጡ ይመስላቸዋል። በከፊል እውነት ነው። ሆኖም የዶሜይን ስማቸው መዝገብ አሁንም በእጃቸው ነው፤ ስሕተቱም አዘውትሮ የሚገኘው እዚያ ነው። በኪራይ ኮምፒውተር ላይ እንደ ፖስትፊክስ ያለ ሶፍትዌር ጭነው የራሳቸውን ሰርቨር የሚያስተዳድሩት ደግሞ ችግሩን ከሁለቱም ወገን ያገኙታል።

የኢሜይልና የስም ፍለጋ ታሪክ ለሊትል ኢትዮጵያ ጎረቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ይህን ስያሜ ከሰጠው የፌርፋክስ ክፍል በቀጥታ መስመር 11 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በማሪና ዴል ሬይ የባሕር ዳርቻ፣ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም ይገኛል። በዚህ ተቋም ይሠራ የነበረው ጆን ፖስቴል ኤስኤምቲፒ የተባለውን፣ ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚተላለፍበትን ደንብ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1982 አወጣ። በቀጣዩ ዓመት በኖቬምበር ባልደረባው ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀውን የዶሜይን ስም ሥርዓት ንድፍ አቀረበ። ከዚያ በፊት የኮምፒውተሮች ስምና አድራሻ ሁሉ በአንድ ፋይል ተጽፎ በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ በሜንሎ ፓርክ ይጠበቅ ነበር። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ይህን ፋይል እየገለበጠ ይወስዳል። የኮምፒውተሮቹ ቁጥር ሲያድግ አንድ ዝርዝር ለሁሉም ሊበቃ አልቻለም፤ ሞካፔትሪስም ዝርዝሩን ከፋፍሎ እያንዳንዱን ክፍል ለባለቤቱ አስረከበ። ዛሬ ጥቅሙም ጣጣውም የሚመነጨው ከዚህ ክፍፍል ነው። ማንም የራሱን ስም ያስተዳድራል፤ ማንም የራሱን ስም ሊያበላሽም ይችላል።

ለዚህ ሥርዓት የሚቀርበው ምሳሌ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው። በኢትዮጵያ ደብዳቤ በልማድ የሚላከው ወደ ሰውየው ቤት ሳይሆን ወደ ፖስታ ሳጥኑ ነው። ቤቱ ቦሌ፣ ሳጥኑ ደግሞ ዋናው ፖስታ ቤት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ ኢሜይልም እንዲሁ ይሠራል። የአንድ ድርጅት ድረ ገጽ በአንድ ኮምፒውተር፣ ኢሜይሉ በሌላ ኮምፒውተር ሊቀመጥ ይችላል፤ የኢሜይሉን ሳጥን የሚያመለክተው ኤምኤክስ የተባለው መዝገብ ነው። አንድ ዶሜይን ሁለት ወይም ሦስት የኤምኤክስ መዝገብ ሲኖረው እያንዳንዱ የቅደም ተከተል ቁጥር ይሰጠዋል፤ አነስተኛው ቁጥር መጀመሪያ ይሞከራል። ምንም ኤምኤክስ ከሌለ ላኪው ሰርቨር ወደ ዶሜይኑ ዋና አድራሻ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ድረ ገጹ ኮምፒውተር ይሄዳል። ኤምኤክሱ የጠፋበት ድርጅት ደብዳቤው ኢሜይል በማይቀበል ኮምፒውተር በር ላይ ሲንከራተት የሚገኘው ስለዚህ ነው።

የላኪው ሰርቨር ይህን መዝገብ ፍለጋ ራሱ አይዞርም፤ ሪዞልቨር የተባለ ጠያቂ ይልካል። ሪዞልቨሩ የማያውቀውን ስም ሲሰጡት ከላይ ይጀምራል። በመጀመሪያ ከኤ እስከ ኤም በፊደል የተሰየሙትን 13 የሥር ሰርቨሮች ይጠይቃል፤ ከእነዚህ «ቢ» የተባለውን እስከ ዛሬ የሚያስተዳድረው ያው የማሪና ዴል ሬይ ተቋም ነው። የሥር ሰርቨሩ፣ ስሙ በዶት ኢቲ የሚያልቅ ከሆነ፣ የዶት ኢቲ ሰርቨሮች የት እንዳሉ ይናገራል። እነዚያ ደግሞ የድርጅቱን የስም ሰርቨር ያመለክታሉ፤ የመጨረሻውን መልስ የሚሰጠው እርሱ ነው። ሪዞልቨሩ ያገኘውን መልስ በመዝገቡ ላይ ለተጻፈው የሰከንድ ብዛት ያህል ይይዘዋል፤ ይህ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ተመልሶ አይጠይቅም።

ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ቢበጠስ ምን ይሆናል? የችግር ፍለጋ ትምህርት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ እንግዳ ሰው ፍለጋ ወደ አንድ ግቢ ቢሄድ ሁለት ዓይነት መጥፎ ዜና ሊገጥመው ይችላል። ዘበኛው ወጥቶ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ሊለው ይችላል፤ ወይም በሩን ደጋግሞ አንኳኩቶ የሚከፍትለት ሊያጣ ይችላል። የመጀመሪያው መልስ ነው፤ ሁለተኛው የመልስ መጥፋት ነው። ዲኤንኤስም እነዚህን ሁለቱን ይለያል። ስሙ በእርግጥ ከሌለ የስም ሰርቨሩ «እንዲህ ያለ ስም የለም» ብሎ በግልጽ ይመልሳል። የስም ሰርቨሩ ካልተገኘ፣ ወይም መልሱ ከተበላሸ ሪዞልቨሩ «አልተሳካልኝም» ይላል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ዝም ይላል።

የኢሜይል ሰርቨርም በዚሁ ልክ ይሠራል። «የለም» የሚል መልስ ካገኘ ደብዳቤውን ወዲያው ለላኪው ይመልሳል። «አልታወቀም» ከሆነ ይዞት ይቆያል፤ እየደጋገመም ይሞክራል። የፖስትፊክስ ሎግ ግን ልዩነቱን በሚያሳዝን ሁኔታ ይሸፍነዋል። በሁለቱም ጊዜ የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር የሚጀምረው «የአስተናጋጁ ወይም የዶሜይኑ ስም አልተገኘም» በሚል ነው። የሚለያዩት በመጨረሻ ነው፦ አንዱ «አልተገኘም» ብሎ ይዘጋል፣ ሌላው «አልተገኘም፣ እንደገና ሞክር» ብሎ ይዘጋል። ጠቅላላው የምርመራ አቅጣጫ የሚወሰነው ብዙዎች በማያነቡት በዚያ ትንሽ ጭራ ነው። በቁጥር ለሚያነቡ ደግሞ 5.4.4 የቁርጥ መልስ፣ 4.4.3 የጊዜያዊ ችግር ምልክት ነው።

5.4.4 ሲታይ መመርመር ያለበት የተቀባዩ አድራሻ ነው። ምናልባት አንድ ፊደል ተሳስቷል፤ «ዶት ኮም ዶት ኢቲ» መሆን የነበረበት «ዶት ኮም» ብቻ ተብሎ ተጽፏል፤ ወይም የተቀባዩ ድርጅት የዶሜይኑን የዓመት ክፍያ ሳይከፍል ቀርቷል። 4.4.3 ሲታይ ግን አድራሻውን ደጋግሞ ማስተካከል ጊዜ ማባከን ነው። ጥፋቱ በመንገዱ ላይ፣ አዘውትሮም በላኪው ቤት ውስጥ ነው።

የጊዜያዊው ችግር አደጋ ዝምታው ነው። ፖስትፊክስ በተለምዶ አሠራሩ ያልደረሰ ደብዳቤን ለ5 ቀናት ይዞ ይሞክራል። በእነዚህ ቀናት ለላኪው «ደብዳቤህ ዘግይቷል» የሚል ማስታወቂያ እንዲልክ ካልታዘዘ አይልክም። ሰኞ ጠዋት ከሎስ አንጀለስ የተላከ ሰነድ አለመድረሱ ለላኪው የሚነገረው ቅዳሜ ነው ማለት ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል እንደ ወቅቱ የ10 ወይም የ11 ሰዓት ልዩነት በመኖሩ፣ በስልክ ለማጣራት ሲታሰብም የአዲስ አበባው ቢሮ ተዘግቶ ያድራል። የማዘግየት ማስታወቂያውን ወደ 4 ሰዓት ማስተካከል የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ከሚሰጠው ጥቅም አንጻር በብዙ ሰርቨሮች ላይ አለመሠራቱ ያስገርማል።

አምስት ቀን ለአብዛኛው ብልሽት ይበቃል። ሁልጊዜ ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. ከጁን 30 ቀን 2020 ጀምሮ በኢትዮጵያ የተቋረጠው ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ድርጅት የስም ሰርቨሮቹን ሁሉ በተቋረጠው መረብ ውስጥ አስቀምጦ ከሆነ፣ ኢሜይሉ በውጭ አገር ቢቀመጥ እንኳ ከውጭ የሚጠይቀው ሪዞልቨር የሚመልስለት አያገኝም። ሳጥኑ ክፍት ነው፤ የሳጥኑን ቁጥር የሚናገር ግን የለም። የኢንተርኔት ደንብ አውጪዎች የአንድ ዶሜይን የስም ሰርቨሮች በተለያየ ቦታና በተለያየ መረብ እንዲቀመጡ እ.ኤ.አ. በ1997 የመከሩት ለዚህ ነው። አንዱን አዲስ አበባ፣ ሌላውን በሌላ አህጉር ማድረግ ውድ አይደለም።

አሁን ወደ ላኪው ቤት እንመለስ። የሰርቨሩ ኃላፊ ሎጉን አይቶ ስም ፍለጋው እንደከሸፈ ካወቀ በኋላ በልማድ የሚያደርገው ዲግ በተባለው ትእዛዝ ራሱ መጠየቅ ነው። ይጠይቃል፤ መልሱ ወዲያው ይመጣል። ኤምኤክሱ አለ፣ አድራሻው አለ። ፖስትፊክስ ግን አሁንም «አልተገኘም፣ እንደገና ሞክር» ይላል። ብዙ ሰው ሶፍትዌሩን መጠራጠር የሚጀምረው፣ አንዳንዱም ነቅሎ እንደገና የሚጭነው በዚህ ጊዜ ነው። ጉዳዩ ግን ሌላ ነው፤ የተጠየቀው አንድ አካል አይደለም።

ዴቢያንና ኡቡንቱ በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ፖስትፊክስ አብዛኛውን ሥራውን በታጠረ ክፍል ውስጥ ሊያከናውን ይችላል። ወራሪ ሰብሮ ቢገባ ከክፍሉ እንዳይወጣ በመታሰቡ፣ የፖስትፊክስ ሠራተኛ ከራሱ ማኅደር ውጭ ያለውን ምንም ፋይል አያይም። የትኛው ሪዞልቨር እንደሚጠየቅ የሚናገረው «ሪዞልቭ.ኮንፍ» የተባለ ፋይል ግን ከክፍሉ ውጭ ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ሲነሳ የዚህ ፋይል ቅጂ ወደ ክፍሉ ይገባል። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ የኢንተርኔት አቅራቢውን ቢቀይር፣ ወይም ኮምፒውተሩ ወደ ሌላ መረብ ቢዛወር፣ ዋናው ፋይል ይታደሳል፤ ቅጂው ግን አሮጌውን ሪዞልቨር እየጠራ ይኖራል። ዲግ የሚያነበው ዋናውን፣ ፖስትፊክስ የሚያነበው ቅጂውን ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ከዚህም የረቀቀ መልክ አለው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ይነሳል፤ ፖስትፊክስ መረቡ ከመገናኘቱ በፊት ከቀደመ፣ የሚገለብጠው ፋይል ባዶ ሊሆን ይችላል። ከደቂቃ በኋላ መረቡ ይገናኛል፣ ድረ ገጽ ይከፈታል፣ ሁሉም ደኅና ይመስላል፤ ኢሜይል ብቻ አይወጣም። ምርመራው ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ነው። መፍትሔው ፖስትፊክስን አቁሞ ማስነሳት ነው፤ በሚነሳበት ጊዜ ቅጂውን ያድሳል። ዘላቂው መፍትሔ ደግሞ ሶፍትዌሩ መረቡ ከተገናኘ በኋላ ብቻ እንዲነሳ ማዘዝ ነው። ከዚህ የሚገኘው የምርመራ ሥርዓት ለማንኛውም ሶፍትዌር ያገለግላል፦ ጥያቄው ችግሩ በደረሰበት ፕሮግራም አፍ፣ በዚያው ኮምፒውተር፣ በዚያው ሪዞልቨር በኩል መጠየቅ አለበት። ከቤት ላፕቶፕ ላይ የተገኘ መልስ ስለ ሰርቨሩ የሚነግረን ጥቂት ነው።

ኢሜይሉ የማይቆም፣ ግን እንደ ኤሊ የሚጓዝበትም ጊዜ አለ። በሊኑክስ ሪዞልቭ.ኮንፍ ላይ እስከ 3 ሪዞልቨር መጻፍ ይቻላል። ሁልጊዜ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ነው፤ እርሱ ካልመለሰ ሥርዓቱ 5 ሰከንድ ጠብቆ ወደ ሁለተኛው ያልፋል። የመጀመሪያው የሞተ ከሆነ እያንዳንዱ ጥያቄ 5 ሰከንድ ይከፍላል ማለት ነው። አንድ ደብዳቤ ለመቀበል ሰርቨሩ በርካታ ጥያቄዎች ስለሚጠይቅ ሰከንዶቹ ይደማመራሉ። ሠራተኞች «ኢሜይሉ ቀዘቀዘ» ይላሉ፤ ኃላፊው የኢንተርኔት ፍጥነት ይለካል፤ ፍጥነቱ ደኅና ነው።

የሪዞልቨር ችግር ሲያጋጥም በየቦታው የሚሰጠው ምክር «8.8.8.8 አድርገው» የሚል ነው። ይህ ማንም እንዲጠቀምበት የተከፈተ የጉግል ሪዞልቨር አድራሻ ነው። ለቤት ኮምፒውተር መልካም ምክር ነው። ለኢሜይል ሰርቨር ግን አንዱን በሽታ በሌላ መተካት ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የኢሜይል ሰርቨሮች የአጭበርባሪ ላኪዎችን አድራሻ የሚያጣሩት በዲኤንኤስ ነው። ስፓምሃውስ የተባለው ድርጅት ከሚያዘጋጃቸው ዝርዝሮች አንዱን የሚጠቀም ሰርቨር፣ ከ192.0.2.10 ደብዳቤ ሲመጣለት ቁጥሩን ገልብጦ 10.2.0.192 ያደርገዋል፤ የዝርዝሩን ስም ከኋላው ቀጥሎም እንደ ማንኛውም ስም ይፈልገዋል። «የለም» ከተባለ ላኪው ንጹሕ ነው። በ127.0.0 የሚጀምር ቁጥር ከተመለሰ በዝርዝሩ ውስጥ አለ። እዚህ ላይ «የለም» የሚለው መልስ የምስራች ነው። ስፓምሃውስ ግን ለሁሉም ክፍት በሆኑ ሪዞልቨሮች በኩል የሚመጣ ጥያቄን ማን እንደ ጠየቀው መለየት ስለማይችል አያስተናግድም፤ 127.255.255.254 የሚል የስሕተት ምልክት ይመልሳል። ሰርቨሩ «ማንኛውም ቁጥር ከመጣ አትቀበል» ተብሎ ታዞ ከሆነ፣ ይህን የስሕተት ምልክት እንደ ጥፋተኝነት ማስረጃ ይቆጥረዋል። ውጤቱም ከጠበቃው፣ ከባንኩ፣ ከዘመድ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ጊዜ መመለስ ነው።

ተመሳሳይ ነገር ከዚህ ቀደም በዓለም ዙሪያ ደርሷል። ኦአርዲቢ የተባለ የማጣሪያ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006 አገልግሎቱን አቆመ። ከአንድ ዓመት በላይ አልፎም ጥያቄ የሚያጎርፉለት ሰርቨሮች አላቆሙም። በማርች 2008 ለማንኛውም ጥያቄ «አዎ፣ ጥፋተኛ ነው» ብሎ መመለስ ጀመረ፤ ዝርዝሩን ከማዋቀሪያቸው ያላወጡ ሰርቨሮችም የመጣላቸውን ደብዳቤ ሁሉ መለሱ። ስለዚህ ኃላፊው በማጣሪያነት የጻፋቸው ዝርዝሮች አሁንም በሥራ ላይ መሆናቸውን በየጊዜው ማየት፣ የሚቀበለውንም መልስ መወሰን ይገባዋል፤ ለምሳሌ ከ127.0.0.2 እስከ 127.0.0.11 ያሉትን ብቻ። የተሻለው መንገድ ደግሞ በሰርቨሩ ላይ አንባውንድ የመሰለ አነስተኛ ሪዞልቨር ጭኖ ከሥር ሰርቨሮች ጀምሮ በራሱ ስም እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ፖስትፊክስም፣ ማጣሪያውም፣ ኃላፊው የሚጠቀመው ዲግም አንድ አካል እንዲጠይቁ ስለሚያደርግ ምርመራውን ያቀልለዋል።

እስካሁን የተባለው ላኪው ተቀባዩን ስለሚፈልግበት መንገድ ነው። ተቀባዩም በተራው ስለ ላኪው ይጠይቃል። ደብዳቤ ይዞ የመጣውን ኮምፒውተር ቁጥር ወስዶ «ይህ ቁጥር ስሙ ማን ነው?» ይላል፤ የተገኘውን ስም ደግሞ መልሶ «ቁጥርህ ስንት ነው?» ይለዋል። ሁለቱ ካልተስማሙ ይጠረጥራል። ጉግል እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ወደ ጂሜይል የሚልክ ማንኛውም ሰርቨር ይህ የሁለትዮሽ መዝገብ እንዲኖረው ይጠይቃል። ብዙዎች የሚሰናከሉት የቁጥሩን መዝገብ በዶሜይን ስማቸው ገጽ ላይ ሲፈልጉት ነው፤ እዚያ የለም። የቁጥሩ ባለቤት ቁጥሩን ያከራየው የኢንተርኔት ወይም የኮምፒውተር አቅራቢ ስለሆነ መዝገቡን የሚጽፈው፣ ወይም እንዲጻፍ የሚፈቅደው እርሱ ነው።

በዶሜይኑ ገጽ ላይ የሚጻፈው ኤስፒኤፍ የተባለው መዝገብ ነው፤ በዚህ ዶሜይን ስም ማን ኢሜይል መላክ እንደሚችል ያውጃል። እዚህም ጥቂት የማይታወቅ ገደብ አለ። ተቀባዩ ይህን መዝገብ ለመመርመር ከ10 በላይ ተጨማሪ የስም ፍለጋ እንዲያደርግ አይገደድም፤ ከ10 ካለፈ መዝገቡን እንደ ተበላሸ ይቆጥረዋል። አንድ ማኅበር ለጋዜጣው አንድ አገልግሎት፣ ለልገሳ ደረሰኝ ሌላ፣ ለቢሮ ኢሜይል ሦስተኛ እየጨመረ ሲሄድ፣ እያንዳንዱ በውስጡ ሌሎችን ስለሚጠራ 10 ቶሎ ይሞላል። የተጨመረው አዲሱ ነው፤ የሚበላሸው ግን ሁሉም ነው።

ስለ ትልልቅ መልሶችም አንድ ነገር መጠቀስ አለበት። የዲኤንኤስ ጥያቄ በልማድ የሚሄደው ዩዲፒ በተባለው ቀላል መንገድ ነው፤ መልሱ ሲተልቅ ቲሲፒ ወደተባለው ይዛወራል። የፋየርዎል አዋቃሪዎች በር ቁጥር 53ን ለዩዲፒ ብቻ ከፍተው ለቲሲፒ ሲዘጉት፣ አጫጭር መልሶች ያልፋሉ፣ ረጃጅሞቹ ይጠፋሉ። የችግሩ መለያ «ለአንዳንድ ዶሜይኖች ብቻ አይሠራም» መሆኑ ነው። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ግራ አጋቢ ምክንያት የኮምፒውተሩ ሰዓት ነው። በዲጂታል ፊርማ የተጠበቁ የዲኤንኤስ መልሶች የሚጸኑበት ቀን ተወስኗል፤ ሰዓቱ የተዛባ ሪዞልቨር ትክክለኛውን መልስ «ጊዜው አልፏል» ብሎ ይጥለዋል።

መዝገቡ ከተስተካከለም በኋላ «አሁንም አይሠራም» የሚል ስልክ መደወሉ አይቀርም። ሪዞልቨሮች «የለም» የሚለውንም መልስ ይይዙታል። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚይዙት የሚወስነው ዶሜይኑ ራሱ በዋና መዝገቡ ላይ የጻፈው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ደንብ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ተስማሚ መሆኑን፣ ከአንድ ቀን በላይ ግን ችግር እንደሚያመጣ ይገልጻል። በዚህ መካከል መዝገቡን ደጋግሞ መነካካት ነገሩን ያወሳስበዋል። ትክክለኛው ምርመራ የዶሜይኑን የስም ሰርቨር በቀጥታ መጠየቅ ነው፤ እርሱ አዲሱን መልስ ከሰጠ የቀረው መጠበቅ ብቻ ነው። የኢሜይል ሰርቨር ለማዛወር ያሰበ ደግሞ የኤምኤክሱን የቆይታ ጊዜ ከአንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ ወደ ጥቂት ደቂቃዎች ዝቅ ማድረግ አለበት። በዝውውሩ ዕለት ዝቅ ማድረግ ፋይዳ የለውም፤ አሮጌው መልስ ቀድሞ ተበትኗልና።

ጥፋቱ ተገኝቶ ከተስተካከለ በኋላ በወረፋው የቆዩት ደብዳቤዎች የሚቀጥለው ሙከራ እስኪደርሳቸው ይጠብቃሉ፤ ፖስትፊክስ በሙከራዎቹ መካከል ያለውን ጊዜ እያራዘመ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊያደርሰው ይችላል። ኃላፊው ወረፋውን በሙሉ ወዲያው እንዲሞከር ማዘዝ ይችላል። ይሁንና ለቀናት የተከማቹ ደብዳቤዎች በአንድ ጊዜ ወደ ጂሜይል ወይም ወደ ያሁ ቢጎርፉ ተቀባዮቹ «ቀስ በል» ብለው በጊዜያዊነት ሊመልሷቸው ይችላሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ የወረፋውን ዝርዝር ማውጣት፣ አስቸኳዩን በመለያ ቁጥሩ ለይቶ ብቻውን መልቀቅ፣ ሌላውን ለመደበኛው ተራ መተው ይሻላል። 5 ቀን ያለፋቸው ግን ከወረፋው ወጥተው ለላኪዎቹ ተመልሰዋል፤ እነርሱን እንደገና መላክ የሚችሉት ላኪዎቹ ራሳቸው ናቸው።